ከጎንደር ወጣ ብሎ የቤተሰብ ማረፊያ ቤት ማሠራት፦ ከመሬቱ እስከ መዝጊያው

የቤተሰብ ማረፊያ ቤት ከመኖሪያ ቤት የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ስለሚከርም ነው። ወር ሙሉ ጠባቂው ብቻ ይኖርበታል፤ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የመጣው ዘመድ ተሰብስቦ ባንድ ሌሊት ሃያ አምስት ሰው ያድርበታል። ይህ ከተዘነጋ የከተማ ቪላ ፕላን እንዳለ ተወስዶ ገጠር ይተከላል፤ ውሃው በጥምቀት ማግስት ያልቃል፤ ክረምቱን የተዘጋው ክፍል መስከረም ላይ ሲከፈት በሻጋታ ይሸታል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ፣ ከመሬት ምርጫው እስከ ቧንቧው፣ ቤቱ ባዶም ሙሉም ሆኖ እንዲኖር ታስቦ የተደረደረ ነው።

ወረቀቱና መሬቱ

ከውበቱ በፊት ይዞታውን ያጣሩ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከገበሬ ላይ በሽማግሌ ፊት «ገዛሁ» ተብሎ የተፈረመ ውል ክርክር ሲነሳ የሚያስጥል ወረቀት አይደለም። የሚያዋጣው በቤተሰቡ ስም የይዞታ ደብተር ያለው መሬት፣ በአነስተኛ ከተማ ክልል ውስጥ በሊዝ የተገኘ ቦታ፣ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ከሆነ በኢንቨስትመንት የተሰጠ መሬት ነው። የእርሻ መሬት ላይ ለመሥራት ካሰቡ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሳይፈቅድ አንድ አካፋ አፈር እንዳይነሳ።

መሬቱን ሲያዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ግጦሽ የሚያሳልፍ የእግር መንገድ እንዳለ የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። ካለ በአጥር ሳይዘጉ በወሰኑ ጠርዝ አዙረው ይተዉት። ጭር ያለ ቦታ የሚፈልግ ሰው መንገድ በመዝጋት ጸጥታ አያገኝም፤ ከጎረቤት መጣላት ብቻ ነው የሚተርፈው። ዕይታን ለመከለል ወይራና ጥድ በሁለት ረድፍ መትከል ከግንብ አጥር የተሻለ ነው፤ እድገታቸው አዝጋሚ ስለሆነ ግንባታው ሳይጀመር በፊት ባለው ክረምት ይተከሉ።

ከፍታው የቤቱን ጠባይ ይወስናል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ኮሶዬ ደጋ ነው፤ ጉም ይወርዳል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ምድጃና ወፍራም ግድግዳ ይፈልጋል። ወደ ደቡብ ወርደው ደምቢያና ጎርጎራ ሲደርሱ ከጣና ዳርቻ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነዎት፤ ይሞቃል፣ ወባ አለ፣ ሜዳው ዋልካ ነው። እዚያ በር ሁሉ ወንፊት፣ ክፍል ሁሉ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስኮቶች ይኑሩት። አንድ ፕላን ለሁለቱም አይሆንም።

አፈሩን በመጋቢት ይፈትሹ

ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መጋቢት ላይ መሬቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለው ሌላ ምስክር አያሻም። ቤቱ ያርፍበታል ብለው ባሰቡት ቦታ ላይ ቢያንስ ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ስፋቱ 1.20 በ1.20፣ ጥልቀቱ እስከ 3 ሜትር ወይም ጠንካራው መሬት እስኪገኝ። ከየጉድጓዱ በየግማሽ ሜትሩ አፈር ይውሰዱ።

ላቦራቶሪ ከመላክዎ በፊት ቀላል መለያ አለ። አፈሩን አድርቀው ይፍጩ፤ በጥሩ ወንፊት ይንፉ። 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መስፈሪያ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው 10 ሚሊ ሊትር የሆነውን ደረቅ ዱቄት ቀስ እያሉ ይጨምሩበትና 24 ሰዓት ይተዉት። የዘቀጠው አፈር 15 ሚሊ ሊትር ካለፈ መሐንዲሱ በተለይ ሊያስብበት ይገባል፤ 20 ከደረሰ መሬቱ በጣም አባጭ ነው። ይህ የላቦራቶሪውን ውጤት አይተካም፤ የትኛው ጥግ ይቅር የሚለውን ግን ያሳያል።

ተዳፋት ላይ ከሆኑ ቤቱ ግማሹ በተቆረጠ፣ ግማሹ በተሞላ አፈር ላይ እንዳያርፍ። የተሞላው ወገን ይሰምጣል፤ ስንጥቁም በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው የሚወጣው። ቤቱን በእርከን ከፍሎ መሥራት ይሻላል፤ ከላይ በኩል ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከግድግዳው ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይቆፈር።

ውሃውን አስልተው ከዚያ ስለ ክፍል ያውሩ

የጎንደር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ ወደ ስምንት ወር የሚጠጋ በጋ አለ። የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ቢሆንም ለደህንነት በ900 ያስሉ፤ 120 ካሬ ሜትር ጣራ × 0.9 × 0.8 (የሚባክነው ተቀንሶ) ወደ 86 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል። ዝናቡ አይጎድልም፤ የሚጎድለው ማጠራቀሚያው ነው።

የበጋውን ፍጆታ እንዲህ ይደምሩ። የጠባቂው ቤተሰብ 4 ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ለ240 ቀን፦ 24,000 ሊትር። ቤተሰቡ በወር ሁለት ቅዳሜና እሑድ ቢመጣ፣ 6 ሰው በ50 ሊትር፦ 9,600 ሊትር። ሦስት ትልልቅ በዓላት፣ 25 ሰው ለ4 ቀን በ40 ሊትር፦ 12,000 ሊትር። ድምሩ 46,000 ገደማ ነው። ስለዚህ 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ የአርማታ ማጠራቀሚያ በቂ ነው፤ ግን ሁለት ሆኖ ይሠራ፣ እያንዳንዱ 5 በ2.5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 2.40። አንዱ ሲታጠብ ወይም ሲያፈስ ሌላው ያጠጣል። የብረቱን ዝርዝር መሐንዲስ ያውጣው፤ በግንበኛ ግምት የተሠራ ይህን የሚያህል ገንዳ ከታች ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል። ለ120 ካሬ ጣራ ከ60 እስከ 120 ሊትሩ መጣል አለበት፤ ከገንዳው በፊት 200 ሊትር በርሜል ገጥመው ከታቹ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለት፣ በራሱ ጊዜ ይንጠባጠብና ለቀጣዩ ዝናብ ባዶ ይሆናል። ለእያንዳንዱ 60 ካሬ ጣራ አንድ 110 ሚሊ ሜትር ወራጅ ቱቦ ያስፈልጋል። አሸንዳው በሜትር 5 ሚሊ ሜትር ይዘንብል፤ የውጭ ከንፈሩም ከውስጠኛው ዝቅ ይበል። በረዶ ሲጥል አሸንዳው ይደፈናልና፣ ሞልቶ ሲፈስ ወደ ሜዳው እንጂ ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ ነው።

ለአርክቴክቱ የሚሰጠው ጽሑፍ

«አራት መኝታ ያለው ቆንጆ ቤት» ተብሎ የተነገረው አርክቴክት አራት መኝታ ያለው ቆንጆ ቤት ይሠራል። የሥራ ፈቃድ ላለው አርክቴክት የሚሰጡት ጽሑፍ ቁጥርና ልማድ ይኑርበት፤ በተራ ሳምንት ስንት ሰው፣ በበዓል ስንት ሰው፣ ደረጃ የማይወጣ አረጋዊ ማን አለ፣ ቡና የት ይፈላል፣ በጉ የት ይታረዳል፣ ድንኳን የት ይተከላል።

ከዚህ የሚወጣው ጥሩ መልስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ነው። አንደኛው ለስድስት ሰው የሚበቃ ዋና ቤት፤ ከ35 እስከ 40 ካሬ የሆነ አንድ ትልቅ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ አንዱ ለአያቶች ያለ ደረጃ የሚገባበትና መታጠቢያው አብሮት ያለ። ሁለተኛው በበረንዳ የተያያዘ የእንግዳ ክንፍ፤ የራሱ የውሃ ቫልቭና የራሱ ማጥፊያ ያለው፣ ሰው ከሌለ ጨርሶ የሚዘጋ።

በእንግዳው ክንፍ አልጋ ከመደርደር ይልቅ መደብ ያሠሩ። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 90፣ ርዝመቱ ለአንድ ሰው 1 ሜትር ከ90። በሁለት ግድግዳ ዳር ዳር የተሠራ 12 ሜትር መደብ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት የስድስት ሰው መኝታ ይሆናል። ጎኑ በድንጋይ ይገንባ፣ ላዩ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሳንቃ ይሸፈን፤ በሲሚንቶ የተለሰነ መደብ ሌሊቱን ብርድ ይተፋል። ሳንቃው በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከሥሩ ይገባል፤ አየር እንዲያገኝ ከፊት ለፊት በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይተው። ቀዳዳው በወንፊት ካልተሸፈነ አይጥ ፍራሹን ጎጆ ያደርገዋል።

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት 6 ወይም 8 ሜትር ተለይቶ፣ ጭሱ ወደ በረንዳው በማይነፍስበት ወገን ይሁን። ለእርድ 2 በ2 ሜትር የሆነ፣ በ2 በመቶ የሚዘንብል የአርማታ ንጣፍ ከቧንቧ ጋር ይዘጋጅ፤ ፍሳሹ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ (የመጸዳጃው ፍሳሽ ማጠራቀሚያ) እንዳይገባ፤ ደምና ሞራ ፍሳሹ ወደ አፈር የሚሰርግበትን ማስረጊያ ይደፍነዋል። ለድንኳን 10 በ15 ሜትር የሆነ ደልዳላ ሜዳ ካርታው ላይ ይሰመር፤ አለበለዚያ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቀራል።

ከአርክቴክቱ የሚረከቡት የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ፕላን፣ ከሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነድ ጋር ነው። የመጨረሻው ከሌለ ከሥራ ተቋራጩ ጋር በዋጋ መነጋገር አይቻልም። የአብያተ መንግሥቱን ክብ ማማ በአርማታ አስመስሎ ቤቱ ጥግ ላይ የሚያስቀምጥ ንድፍ ካመጣ ይመልሱለት። ከፋሲል ግቢ የሚወሰደው ትምህርት የግድግዳው ውፍረት፣ የመስኮቱ ጥልቀትና የድንጋዩ አያያዝ ነው።

ፀሐይዋን በቁጥር

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል በ54 ዲግሪ ትቆማለች፤ በመጋቢት አጋማሽ 77 ትደርሳለች፤ ሰኔ ላይ ጭራሽ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ረጅሙን ግድግዳ ወደ ደቡብ ያዙሩና ክፍክፉን (ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣራ ጫፍ) 80 ሴንቲ ሜትር ያውጡት። በታኅሣሥ ጥላው ከክፍክፉ በታች 1.10 ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ያለው መስኮት ቀትር ላይ ፀሐይ ያስገባል፣ ወለሉ ሞቆ ያመሻል። በመጋቢት ጥላው 3 ሜትር ተኩል ስለሚደርስ ያው መስኮት በሙቀቱ ወራት ሙሉ በሙሉ ይጠለላል። ክፍክፉ ይህን ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ይሰጣል።

ምዕራቡን ግን ክፍክፍ አያድነውም፤ የከሰዓት ፀሐይ አግድም ነው የምትገባው። በዚያ ወገን መታጠቢያና ዕቃ ቤት ይሁን፣ መስኮቱ ይነስ። የምትጠልቀውን ፀሐይ ማየት የፈለገ ሰው 2.50 ሜትር ጥልቀት ያለው በረንዳ ያሠራ።

መሠረትና የድንጋይ ግድግዳ

ዋልካው ከ1.50 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ጨርሶ ይነሳ፤ ከግድግዳው ውጭ በየአቅጣጫው 1 ሜትር ጨምሮ። ቦታው በገረጋንቲ (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) በ20 ሴንቲ ሜትር ንብር ውሃ እየጠጣ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ግማሽ ሜትር ባንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ መጠቅጠቅ የታችኛውን አይነካውም፤ በሁለተኛው ክረምት ይሰምጣል። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ኮለኖቹ (የአርማታ ምሰሶዎቹ) እስከ ጠንካራው መሬት ይውረዱ፤ እነሱን ከታች የሚያያይዘው የግሬድ ቢም ሆድ ደግሞ ከአፈሩ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ተነጥሎ ይንጠልጠል። አፈሩ ሲያብጥ ባዶውን ይሞላል እንጂ ቤቱን አያነሳም። ይህ ባዶ ቦታ «ለጥንካሬ» ተብሎ በድንጋይ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ ፎርማኑ ምክንያቱን ይወቅ። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅና ክረምት ላይ የማይዘጋ በር የዚህ ውጤቶች ናቸው።

በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ከ20 የሚሰፋ፣ ወደ ውጭ በ4 በመቶ የሚዘንብል ንጣፍ ይኑር። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው 20 ሜትር ውስጥ አይተከል፤ ያለውም ከመሠረቱ በፊት ይነሳ።

ለአርማታው C-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ 1፡2፡3 ነው፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ አንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከሚይዘው ጋር እኩል ነው። ውሃው ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር፤ ሠራተኛው እንዲቀልለው ብሎ 35 ከጨመረ ጥንካሬው ይወድቃል። አሸዋውን በጠርሙስ ይፈትሹ፤ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልተው ነቅንቀው ሦስት ሰዓት ያቆዩት። ላዩ ላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። አርማታው በበጋ ቢያንስ 10 ቀን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ።

ግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጥቁር ድንጋይ ይሁን። 40 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 60 ሜትር ኩብ ነው፤ 72 ሜትር ኩብ ድንጋይና 21 ሜትር ኩብ ሞርታር ያህል ይፈልጋል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ አምስት ምልልስ ይሆናል። ዋናው ጥፋት ግንበኛው ሁለት ስስ ፊት አቁሞ መሐሉን በኮረትና በተረፈ ሞርታር መሙላቱ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። በየካሬ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ድንጋይ ከፊት እስከ ኋላ 50 ሴንቲ ሜትሩን ዘልቆ ይለፍ። የታዩትን ዘላቂ ድንጋዮች በኖራ ምልክት እያስደረጉ ይቁጠሩ፤ ከተለሰነ በኋላ ማንም አያያቸውም።

ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ካገኙ በሞርታሩ ሲሚንቶ ቦታ ኖራ ይጠቀሙ፦ አንድ እጅ የበሰለ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ፣ ግማሽ እጅ የተፈጨ ሸክላ። የፋሲል ግቢ ግንቦች የቆሙት በኖራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑት ክፍሎች በኋላ በኖራ መታደስ ነበረባቸው፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ያስበላዋልና። በኖራ የሚሠራ ግድግዳ በቀን ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ አይነሳ፤ ለአሥር ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ዝናብ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀድሞ ይለቅ። ጥሬ ኖራ በውሃ ሲበርድ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ በኖራ ላይ ከፈሰሰ ይፈላና ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ያለ ክርክር ይደረግ። ቀላ ያለው ለስላሳ ድንጋይ በመስኮት ቅስት ዙሪያ ያምራል፤ ከመሬት እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ግን አይግባ፣ እርጥበት ይመጥጣል።

ጣራ፣ ፍሳሽ፣ መብራት

28 ጌጅ ቆርቆሮ ከ15 ዲግሪ ባላነሰ ዝንባሌ ይመታ፤ 32 ጌጅ ስስ ስለሆነ በበረዶ ይጎደጉዳል። ጫፍ በጫፍ መደራረቡ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ምስማሩም ባለ ጎማ ሆኖ በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ። የሐምሌን ዝናብ ድምፅ ለማለዘብ ከቆርቆሮው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ንጣፍ ይግባ። በክፍክፉና በግድግዳው መሐል ያለው ክፍተት ሁሉ በብረት ወንፊት ይዘጋ፤ ባዶ ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሌሊት ወፍ ከገባ ማስወጣቱ አድካሚ ነው።

ሴፕቲክ ታንኩ 5 ሜትር ኩብ ይሁን፦ 2.50 በ1.25፣ የፍሳሹ ጥልቀት 1.60፣ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ። ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ርቆ፣ በተዳፋቱ በታች በኩል። ማስረጊያውን ከመቆፈርዎ በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ሌሊቱን ውሃ አጠጥተው በማግስቱ እንደገና ሞልተው ይለኩ፤ በሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ካልወረደ ጉድጓድ አይሠራም፣ ረጅም ቦይ አውጥተው ሙዝ ይትከሉበት።

ለመብራት፣ ለፍሪጅ፣ ለፓምፕና ለስልክ በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። ክረምቱን ታሳቢ አድርገው ሁለት 400 ዋት የፀሐይ ፓናል ወደ ደቡብ በ15 ዲግሪ ይግጠሙ፣ 48 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይጨምሩበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ከዚህ መስመር ይውጣ፤ እንጀራው በማድ ቤቱ ይጋገር።

የሥራው ዘመን

ጥቅምት ላይ መንገዱ ይጠረግ፤ 4 ሜትር ስፋት፣ ከ12 በመቶ ያልበለጠ ዳገት፣ ቦዮቹ ቱቦ የተቀበረባቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ መሠረት፣ ከጥር እስከ መጋቢት ግድግዳ፣ ሚያዝያ ላይ ጣራ። ግንቦት ሳያልቅ ቆርቆሮው ካልተመታ ሥራውን በሸራ ሸፍነው ያቁሙት፤ በሰኔ ጭቃ የሚሠራ መሠረት ሁለቴ ይከፈልበታል። ክረምቱ የውስጥ ሥራ ነው፤ ልስን፣ ሊሾ፣ በርና መስኮት።

ቤቱን ዘግቶ መሄድ

የእንግዳው ክንፍ ቫልቭ ይዘጋ፣ ቧንቧዎቹ ተከፍተው ይንጠፉ። ተዘግቶ በሚከርም ቤት የመታጠቢያው ሲፎን (ሽታ የሚያግደው የታጠፈ ቱቦ) ውሃ በጥቂት ሳምንት ይደርቅና የፍሳሹ ሽታ ቤቱን ይሞላል፤ በእያንዳንዱ ሲፎን ላይ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ይፍሰስ፣ ውሃው እንዳይተን ይይዘዋል። የወለል ፍሳሽ ቀዳዳዎችም አይረሱ። ፍሪጁ ጠፍቶ በሩ በጨርቅ ተደግፎ ክፍት ይቆይ። የቁም ሳጥን በሮች ይከፈቱ፣ ፍራሽ ከግድግዳ ይራቅ። ባትሪው እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ ይቀመጥ። የምስጥ መንገድ መኖሩን ለማየት በመሠረቱ ዙሪያ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር ግንብ ከሣርና ከእንጨት ክምር ነፃ ይሁን።

ለጠባቂው በበሩ ጀርባ የተለጠፈ አንድ ገጽ ይተውለት፤ የቫልቮቹና የማጥፊያዎቹ ቦታ ተስሎበት። በበጋ በየ15 ቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት መስኮቶቹን ይክፈት። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይክፈትና ጉሙ ሳይመለስ ይዝጋ፤ በዚያው ቀን አሸንዳውን ይጥረግ፣ የበርሜሉንም ቀዳዳ በሽቦ ይውጋ።